ከርነሉ ስም አያነብም፦ ስለ ድራይቨር ማዛመድ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰሞኑን ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ላከልኝ። ጉዳዩ ኮምፒውተር የተሰካበትን ዕቃ እንዴት እንደሚለይና ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) እንዴት እንደሚያገኝለት ነው። በአማርኛ ስለ ከርነል (ዕቃውንና ፕሮግራሙን ሁሉ የሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት) ሆድ ዕቃ የሚጽፍ ሰው እንደ ልብ ስለማይገኝ ደስ ብሎኝ ጀመርኩት። ረዘም ያለ ነገር አትሜ ማንበብ ልማዴ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እስክሪብቶ አነሣሁ፣ ስጨርስ ኅዳጉ በሙሉ በእኔ ጭረት ተሞልቶ ነበር። ይህ ምላሽ ያ የኅዳግ ጭረት ነው፤ ትንሽ ታጥቦና ተተኩሶ።

ላላነበበው ሰው ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ከርነሉ ውስጥ የዕቃዎች ሁሉ ስም የሰፈረበት ትልቅ መዝገብ አለ። ዕቃ ሲሰካ ስሙ ከመዝገቡ ይፈለጋል። ከተገኘ፣ ከተስማሚዎቹ ድራይቨሮች መካከል የተሻለው ተመርጦ ይጫናል፤ ካልተገኘ ዕቃው «አይደገፍም»፣ ያለው አማራጭም አዲስ ስሪት መጠበቅ ነው። ድራይቨር ካስቸገረ ብላክሊስት ማድረግ (እንዳይጫን በዝርዝር ማገድ)፣ እሱም ካልሠራ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ይመክራሉ። በመጨረሻም የጥንቱ እየነካኩ የመፈለግ ዘዴ ከዛሬው የተሻለ እንደነበር፣ ዲቫይስ ትሪ የሚባለው፣ በሰሌዳ ላይ ያሉ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበት ጽሑፍ፣ ትርፍ ሸክም እንደሆነ፣ ቁጥር ማመሳከሩ ግን ቢያንስ ከሐሰተኛ ዕቃ እንደሚጠብቀን ይጽፋሉ።

ጸሐፊው የተነሡት ከሊኑክስ ከርነል ነውና እኔም ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከዚያው እወስዳለሁ። ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመዝገቡ ልጀምር። እንዲህ ያለ ማዕከላዊ መዝገብ የለም፤ ስምም አይፈለግም። አንድ የፒሲአይ ካርድ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ዋናው ሰሌዳ ላይ የሚሰካ ዕቃ) ኮንፊገሬሽን ስፔስ የሚባል የራሱ ትንሽ ማኅደር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች የአምራቹን ቁጥር ይይዛሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ የዕቃውን። ከርነሉ ሲነሣ በየባሱ፣ ማለትም ዕቃዎች በሚገናኙበት መስመር ሁሉ፣ እየዞረ፣ በአንድ ባስ እስከ 32 ዕቃ፣ በአንድ ዕቃ እስከ 8 ፈንክሽን (የዕቃው ንዑስ ክፍል)፣ እነዚህን ባይቶች ያነባል። ማንም በሌለበት ቦታ ካነበበ ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ይመለስለታል፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው። የኢንቴል የአምራች ቁጥር 8086 ነው። በ1978 ያወጡት የዝነኛው ፕሮሰሰራቸው መጠሪያ ነው፤ ቁጥር ያወጣው ሰው ጨዋታ አዋቂ ነበር። 8086 ተብሎ ቀጥሎ 1533 ከተነበበ፣ እኛ «አይ210» የምንለው የኔትወርክ ቺፕ ተገኘ ማለት ነው። ከርነሉ ግን «አይ210» የሚለውን መጠሪያ ለማዛመድ አይጠቀምበትም። ሁለቱ ቁጥሮች ይበቁታል።

ታዲያ ኤልኤስፒሲአይ በሚባለው የካርዶች መዘርዘሪያ ትእዛዝ ስንጠይቅ ስሙን እስከ ነሞዴሉ ማን ይነግረናል? በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁትና ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉን ከዲስካችሁ ብታነሡት ትእዛዙ ደረቅ ቁጥር ብቻ ያሳያችኋል፤ ኔትወርኩ ግን እንደ ወትሮው ይሠራል። ጸሐፊው የተሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ለሰው ዓይን ተብሎ የተሠራውን ዝርዝር የከርነሉ መዝገብ አድርገው ወሰዱት።

እውነተኛው ዝርዝር ተበታትኖ የሚኖር ነው። እያንዳንዱ ድራይቨር «እኔ የምይዛቸው እነዚህን ነው» የሚል የየራሱን ሰንጠረዥ ይዞ ይመጣል። ሞጁሎቹ (ለብቻቸው የሚጫኑ የድራይቨር ፋይሎች) ሲገነቡና ሲተከሉ ከየሰንጠረዡ የተለቀመው ሞጁልስ አሊያስ በተባለ ፋይል ይጠራቀማል፤ በተለመደ የሊኑክስ ስርጭት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መስመር አለው። ይህ ፋይል ዲስክ ላይ እንጂ ከርነሉ ውስጥ አይደለም። ዕቃ ሲገኝ ከርነሉ የዕቃውን ቁጥሮች በአንድ መስመር አሰካክቶ ወደ ውጭ ይለቃል፣ ዩዴቭ የሚባለው አዳማጭ ፕሮግራም ይሰማል፣ ሞድፕሮብ የሚባለው ጫኝ ፋይሉን ገልጦ ተስማሚውን ሞጁል ይጭናል። ሞጁሉ ከገባ በኋላ ደግሞ ከርነሉ ራሱ ሰንጠረዡን ከዕቃው ጋር እንደገና ያስተያያል። ሁለት ጊዜ ነው የሚዛመደው፤ አንዴ «የቱን ልጫን?» ለማለት፣ አንዴ ደግሞ «ይህን ዕቃ ትወስዳለህ?» ለማለት። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ስላደረጓቸው በኋላ ብላክሊስት ላይ ይሰናከላሉ።

«ቁጥሩ ከሌለ አይደገፍም» ወደሚለው ልለፍ። ላፕቶፕ ውስጥ ያለውን የኤንቪኤምኢ ዲስክ እንውሰድ። ዛሬ ገበያ ውስጥ የዚህ ዓይነት ዲስክ የሚሠራው አምራች ብዛት ማለቂያ የለውም፤ ከአምስት ዓመት በፊት በተገነባ ከርነል ላይ የዘንድሮ ዲስክ ብትሰኩበትም ይነሣል። ለምን? ዕቃው ከአምራችና ከዕቃ ቁጥሩ ሌላ የምድብ ቁጥርም ስላለው ነው፦ 01 ማከማቻ፣ 08 ኤንቪኤምኢ፣ 02 ደግሞ የሚናገርበት ቋንቋ። ድራይቨሩ ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ «ማንም ይሥራው፣ 01፣ 08፣ 02 ካለ የእኔ ነው» የሚል መስመር አለው። ከዚህ መስመር በላይ ግን አመል ያለባቸው የተወሰኑ ዲስኮች በቁጥራቸው ተለይተው ተጽፈዋል፤ አንዱ እንቅልፍ ሲገባ የሚጠፋ፣ ሌላው የመለያ ቁጥሩን በትክክል የማይናገር። ሰንጠረዡ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበብና የመጀመሪያው ተስማሚ ስለሚያዝ፣ ልዩዎቹ ከላይ፣ ጅምላው ከታች መሆን አለበት። ይህን ሰንጠረዥ በረጋ መንፈስ ማንበብ ለእኔ ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ ይልቅ አስተምሮኛል። የሃርድዌር አምራቾች ኃጢአት በዝርዝር የተጻፈበት ነው።

ምድብ ባይኖር እንኳ መንገድ አይዘጋም። ከርነሉ የውስጡን እንደ ፋይል በሚያሳይበት ሲስኤፍኤስ ውስጥ በእያንዳንዱ የፒሲአይ ድራይቨር ሥር «አዲስ ቁጥር» የሚቀበል ፋይል አለ። አምራች ቁጥርና ዕቃ ቁጥር ብትጽፉበት ድራይቨሩ ያን ዕቃ በሰንጠረዡ እንዳለ ቆጥሮ ይሞክረዋል፤ ከርነል መገንባት የለ፣ ማሽን ማጥፋት የለ። እርግጥ ድራይቨሩ ዕቃውን በትክክል ማናገር መቻሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ቺፑ ያው ሆኖ ቁጥሩ ብቻ በተለወጠ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል። «አዲስ ስሪት ጠብቁ» ከማለት በፊት ሊጠቀስ ይገባው ነበር።

ተቃራኒው፣ «ቁጥሩ ካለ ይሠራል» የሚለው፣ ይበልጥ አሳሳች ነው። የሰንጠረዥ መስማማት እጩነት ነው፤ ሹመቱ የሚጸድቀው ፕሮብ በሚባለው የድራይቨሩ የኮድ ክፍል ውስጥ ነው። ፕሮብ ዕቃውን ያነቃል፣ ሬጂስተሮቹን (የዕቃውን የውስጥ መቆጣጠሪያ ቦታዎች) ያነባል፣ ኢንተራፕት (ዕቃው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ይጠይቃል፣ ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) ይጭናል። ከእነዚህ በአንዱ ከተሰናከለ ማዛመዱ ተሳክቶ ዕቃው ግን አይሠራም። ዋይፋይ «አልታወቀም» ብሎ ላፕቶፑን ይዞልኝ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይህ ነው፤ ድራይቨሩ ዕቃውን አግኝቶታል፣ የፈርምዌር ፋይሉ ግን ዲስኩ ላይ የለም። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ነጻ ያልሆኑ ፈርምዌሮችን በይፋዊው መጫኛው ውስጥ ማካተት የጀመረው በ2023 በወጣው 12ኛው ስሪት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ስቃይ ስለ ማዛመድ ሳይሆን ስለ ፈርምዌር ነበር። የከርነሉን መልእክት ያየ ሰው ልዩነቱን በአንድ መስመር ይለየዋል።

ደግሞ ፕሮብ «አይ» ሲል ሁሉም «አይ» አንድ አይደለም። «ይህ ዕቃ እኔን አይመለከትም» ብሎ መመለስ አለ፤ ያን ጊዜ ከርነሉ በዝምታ ወደ ቀጣዩ ድራይቨር ያልፋል። «የእኔ ነው፣ ግን የምፈልገው ሌላ ዕቃ ገና አልተነሣም፣ ቆይተህ ጥራኝ» ማለትም አለ። ይህ ሁለተኛው በ2012 በወጣው 3.4 ከርነል የገባ ሲሆን ቁጥሩ 517 ነው። የስልክ ስክሪን ድራይቨር የኃይል መቆጣጠሪያው ካልተነሣ ምን ያደርጋል? 517 ብሎ ይመለሳል፣ ሌላ ድራይቨር በተሳካለት ቁጥር እንደገና ይሞከራል። መልእክቱ ውስጥ 517 አይቶ «ድራይቨሬ ተበላሸ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልተበላሸም፤ ተራውን እየጠበቀ ነው።

ከራሴ ልጨምር። በእኛ አቆጣጠር 2005 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ የዩኤስቢ ኢንተርኔት ዶንግል ገዛሁ። ሊኑክስ ላይ ስሰካው ዴስክቶፑ ላይ የሲዲ ምልክት ብቅ አለ፤ ውስጡ የዊንዶውስ መጫኛ ፕሮግራም። ሞደም የሚባል ነገር የለም። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ድራይቨር ፍለጋ ባከንኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ማዛመዱ እንከን አልነበረበትም፤ ዶንግሉ ራሱን «ማከማቻ ነኝ፣ ምድቤ 08 ነው» ብሎ አስተዋወቀ (የዩኤስቢ የምድብ ቁጥሮች ከፒሲአዩ የተለዩ ናቸው)፣ የማከማቻ ድራይቨሩም በአግባቡ ተቀበለው። ዶንግሉ ሲዲው «እንዲወጣ» የሚያዝ መልእክት ሲደርሰው ራሱን ከባሱ ያላቅቅና ልክ እንደ ሌላ ዕቃ በሌላ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ሞደም ነው። ይህን መልእክት የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ጫንኩና በአሥር ሰከንድ ተፈታ። በጸሐፊው ሥዕል ውስጥ ይህ ዶንግል ቦታ የለውም፣ ምክንያቱም ዕቃው አንድ ማንነት እንዳለው ነው የሚገምቱት። እንኳን አንድ ዶንግል፣ ተራ የዩኤስቢ ሄድፎን እንኳ ለከርነሉ አንድ ነገር አይደለም፤ ድምፁ በምድብ 01፣ የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፎቹ በምድብ 03 ለየብቻ ይቀርባሉ፣ ሁለት የተለያዩ ድራይቨሮችም ተካፍለው ይይዙታል።

አሁን ዋናው ክርክር ላይ ደረስኩ፦ «ከርነሉ የተሻለውን ድራይቨር ይመርጣል»። ስለ ሊኑክስ ይህ ትክክል አይደለም፤ ስለ ሌሎቹ ግን ነው፣ ጸሐፊውም ምናልባት ከእነሱ ወስደው ይሆናል።

ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሲስተም ጨረታ ያወጣል። ባሱ ድራይቨሮቹን አንድ በአንድ ይጠራና እያንዳንዱ ዋጋ ያቀርባል፤ ጠቅላላ ድራይቨር ከሆነ ከዜሮ በታች 100፣ የተለመደው 20፣ አምራቹ ራሱ የሠራው 10፣ ዜሮ ያለ ደግሞ «ሌላ አትጠይቁ፣ የእኔ ነው» ማለቱ ነው። ለዜሮ የቀረበው ያሸንፋል። የማክ የድራይቨር ክፍል፣ አይኦኪትም፣ ተመሳሳይ ጸባይ አለው፤ ድራይቨሮቹ ነጥብ ይዘው ይወዳደራሉ። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ እጩ ደረጃ ያሰላል፤ በስሌቱ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ድራይቨሩ የተፈረመ መሆኑ ነው፣ ከዚያ የቁጥሩ መግጠም፣ እኩል ከሆኑ ቀንና ስሪት።

ሊኑክስ ግን ሰልፍ ነው። ባሱ የተመዘገቡትን ድራይቨሮች በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ይጠራል፣ ሰንጠረዡ ተስማምቶ ፕሮቡ የተሳካለት የመጀመሪያው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፣ ከኋላ የነበረው ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ከየት ይመጣል? ከርነሉ ውስጥ አብረው የተገነቡ ከሆነ በግንባታ መመሪያው፣ በሜክፋይሉ፣ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደተጻፈ፤ ሞጁሎች ከሆኑ ማን ቀድሞ እንደተጫነ። ታክሲ ተራ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ተሳፋሪውን የሚጭነው ከሰልፉ ፊት ያለው ነው፣ ከኋላ ያለው አዲስ ታክሲ ቢሆንም ባይሆንም።

ታዲያ ሁለት ድራይቨሮች አንድ ዕቃ ቢፈልጉስ? ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ፈጣን የዩኤስቢ ውጫዊ ዲስክ ብዙ ጊዜ ሁለት ቋንቋ ይናገራል፣ የድሮውንና ዩኤኤስ የሚባለውን አዲሱን። የድሮው የማከማቻ ድራይቨር ፕሮብ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ዩኤኤስ አለ ወይ? ይህ ዲስክስ ይችለዋል? መልሱ አዎ ከሆነ ድራይቨሩ «እኔን አይመለከትም» ብሎ ይወጣል፤ ቢፈልግ መውሰድ እየቻለ። የኪቦርድና የማውስ ጠቅላላ ድራይቨርም እንዲሁ ነው፤ ልዩ ድራይቨር ያለውን ዕቃ አይነካም፣ ልዩው ዘግይቶ ከተጫነም የያዘውን ይለቅለታል። ማለት የምፈልገው፣ ሊኑክስ ውስጥ «የተሻለውን» የሚመርጥ ዳኛ የለም፤ ያለው በየቦታው በእጅ የተጻፈ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ የሌለው ድራይቨር ሲገባ፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚል ዓይነቱ፣ የሌላውን ዕቃ ይዞ ይቀመጣል።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ጸሐፊው የተመኙት ነገር ከያዙት እውነታ ይሻላል። ደረጃ የሚሰጥ ሥርዓት በመርህ የተስተካከለ ነው፣ የፍሪቢኤስዲውን ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። የዊንዶውሱ ልምድ ግን ያስጠነቅቀኛል፤ ፊርማ ከቁጥር መግጠም በላይ ስለሚመዝን፣ ለዕቃው በትክክል የተጻፈው ድራይቨር ፊርማ ከሌለው በተፈረመው ጠቅላላ ድራይቨር ይበለጣል፣ ተጠቃሚውም ለምን እንደሆነ አይገባውም። የሊኑክስ ሰልፍ ደደብ ነው፣ ግን ደደብነቱ ይታያል። መልእክቱን አንብቤ ማን ቀድሞ እንደገባ አውቃለሁ፤ ካልተስማማኝ ድራይቨር ኦቨርራይድ በሚባለው ፋይል «ለዚህ ዕቃ ከዚህ ድራይቨር በቀር ማንም አይቅረብ» ብዬ እጽፋለሁ። ግራፊክስ ካርድ ለቨርቹዋል ማሽን አሳልፎ የሚሰጥ ሁሉ በዚህ ነው የሚኖረው።

ስለ ብላክሊስት የተጻፈው አጭር ምላሽ ይበቃዋል። ብላክሊስት ድራይቨርን አያጠፋም፣ ከርነሉንም አያዝዘውም። የሚያደርገው ሞድፕሮብ በዚያ በአሊያስ ፋይል በኩል ወደ ሞጁሉ እንዳይደርስ ማድረግ ብቻ ነው። ሞጁሉን ሌላ ሞጁል ካስፈለገው ወይም አንድ ሰው በስሙ ከጠራው ይጫናል። ከርነሉ ውስጥ የተገነባ ከሆነ ብላክሊስቱ ጨርሶ አይመለከተውም። አብዛኛው «ብላክሊስት አልሠራልኝም» ግን ከዚህም የቀለለ ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጫነው ኢኒትራምኤፍኤስ የድሮውን ቅጂ ይዞ ቀርቷል፣ እሱን ማደስ ተረስቷል። ለዚህ ተብሎ ሲስተም እንደ አዲስ መጫን፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ እያለ በር መስበር ነው።

«የጥንቱ እየነካኩ መፈለግ ይሻል ነበር» የሚለው ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። ከፒሲአይ በፊት በነበረው በአይኤስኤ ባስ ዘመን ካርዶች ማንነታቸውን የሚናገሩበት መንገድ አልነበራቸውም። ድራይቨሩ የተለመዱ አድራሻዎች ላይ፣ ለምሳሌ 300 ላይ፣ እየጻፈና እያነበበ የኔትወርክ ካርድ ይመስል እንደሆነ ይሞክራል። እዚያ አድራሻ ላይ የተቀመጠው ሌላ ካርድ ከሆነስ? አንዳንዴ ምንም፣ አንዳንዴ ማሽኑ ቀጥ። ለዚህ ሲባል ሊኑክስ ሲነሣ «እነዚህን አድራሻዎች አትንኩ» የሚባልበት ልዩ ትእዛዝ ነበረው። የተሻለ ነገር ቢሆን ኖሮ አጥር ባላስፈለገው።

ከማቆም የከፋም ደርሷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሙቀት መለኪያ ቺፖችን የሚፈልገው ኤልኤም ሴንሰርስ አንዳንድ የአይቢኤም ቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ ሲሮጥ፣ እዚያው ሽቦ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ የፍለጋውን መልእክት እንደ ጽሕፈት ትቆጥረውና ይዘቷ ይበላሽ ነበር። ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ አይነሣም። ፕሮግራሙ ክፉ ነገር አላደረገም፤ «ማን አለ?» ብሎ ነው የጠየቀው። ችግሩ ያ ሽቦ፣ አይ2ሲ፣ የማንነት ቋንቋ የለውም። አድራሻ ብቻ ነው ያለው፤ 7 ቢት፣ የተያዙት ተቀንሰው 112 አድራሻ ለዓለም ቺፕ ሁሉ። አድራሻ 68 ላይ የመለሰ ቺፕ ዲኤስ3231 የተባለው ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ኤምፒዩ6050 የተባለው የእንቅስቃሴ መለኪያም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እዚያው ነው የሚኖሩት። መለኪያው ማንነቱን የሚናገርበት ሬጂስተር አለው፣ ሰዓቱ የለውም። ከውጭ ሆኖ እየነካካ የሚፈልግ ፕሮግራም ሰዓቱን እንዴት በእርግጠኝነት ይለየዋል?

ዲቫይስ ትሪ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። «በዚህ ሰሌዳ፣ በዚህ ሽቦ፣ አድራሻ 68 ላይ የማክሲም ዲኤስ3231 አለ» ብሎ ሰሌዳውን የሠራው ሰው ይጽፋል፤ ከርነሉ ጽሑፉን ከድራይቨሩ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያያል፣ የሌላውን ቺፕ ሳይነካ። (እዚህ ስም ይነበባል ሊሉኝ ይችላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ስሙን የጻፈው ሰው ነው እንጂ ዕቃው አልተናገረውም።) ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከኦፕን ፈርምዌር የመጣ፣ በ1994 ደረጃ የወጣለት ነው። ሸክም ያሉት ነገር በፊት የት ይቀመጥ እንደነበር ጸሐፊው አልጠየቁም። ከርነሉ ውስጥ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የኤአርኤም (በስልኮች የተለመደው የፕሮሰሰር ዓይነት) ሰሌዳ በሲ ቋንቋ የተጻፈ የራሱ ፋይል። በማርች 2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በዚህ መብዛት በግልጽ የተማረረው ለዚህ ነበር፣ የኤአርኤም ሰዎች ወደ ዲቫይስ ትሪ መጉረፍ የጀመሩትም ከዚያ በኋላ። በፒሲ ላይ ተመሳሳዩን ሥራ ኤሲፒአይ የሚባለው የፈርምዌሩ ሰንጠረዥ ይሠራል። ሸክሙ ቦታ ነው የለወጠው፤ አሁን ለየሰሌዳው በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ስለሆነ ስህተቱም እዚያው ይታረማል፣ ከርነል መገንባት ሳያስፈልግ።

የቀረው የደህንነቱ ጉዳይ ነው። ቁጥር ማመሳከር ከሐሰተኛ ዕቃ ይጠብቃል የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ሰው ሊጎዳ የሚችለው አባባል ይመስለኛል። ቁጥሩን የሚናገረው ዕቃው ራሱ ነው፤ የሚያጣራ ማንም የለም። በ2014 የደህንነት ተመራማሪዎቹ ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል ብላክ ሃት በተባለው ጉባኤ ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነበር፤ ፍላሽ ዲስክ የሚመስል ነገር ፈርምዌሩ ተለውጦ «ኪቦርድ ነኝ» ይላል፣ ከርነሉም ምድብ 03 አየሁ ብሎ የኪቦርድ ድራይቨር ይሰጠዋል፣ ዕቃውም በባለቤቱ ፈንታ መጻፍ ይጀምራል። ማዛመዱ ፍጹም ትክክል ነው። መከላከያው ከማዛመድ በፊት መሆን አለበት፤ ሊኑክስ ውስጥ አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ ሳይፈቀድለት ድራይቨር እንዳያገኝ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ በተለመደው አጫጫን ግን ሁሉንም እንዲያሳልፍ ተደርጎ ነው የሚመጣው።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር ደግሞ ሰንጠረዡ የማንንም እውነተኛነት እንደማይመሰክር በግልጽ ያሳያል። ኤፍቲዲአይ የሚባለው ኩባንያ የዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያ ቺፕ ይሠራል፤ ቁጥሩ 0403፣ 6001። አስመስለው የሠሩት ሌሎች፣ ያንኑ ቁጥር የሚናገሩ ቺፖች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ኩባንያው በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ያወጣው ድራይቨር አስመሳዩን ሲያገኝ የዕቃ ቁጥሩን 0000 አድርጎ ቺፑ ውስጥ ይጽፍበት ነበር። ገመዱ ከዚያ በኋላ ከማንም ሰንጠረዥ ጋር አይስማማም፤ በሌላ ማሽን ላይም ቢሰካ። የገዛው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስመሳይ መሆኑን እንኳ አያውቅም ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው ድራይቨሩን ከአፕዴቱ አነሣው። የሊኑክስ ሰዎች ያደረጉት አንድ መስመር መጨመር ነበር፤ በኤፍቲዲአይ ድራይቨር ሰንጠረዥ ውስጥ 0403፣ 0000 የሚል ቁጥር አስገቡ፣ የሞቱት ገመዶችም እንደገና መሥራት ጀመሩ። ያቺ መስመር እስካሁን እዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ አለች።